ለታመመ ወዳጅ ምን ብለን እንጻፍ?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



በቋንቋችን የታመመ ሰው ዘንድ ሄዶ አጠገቡ መቀመጥን «መጠየቅ» እንለዋለን። «እገሌ ታሟል አሉ፤ ጠየቃችሁት ወይ?» እንባባላለን። የታሰረም እንዲሁ ይጠየቃል፤ በከተማችን ማረሚያ ቤት ስላለ ስንቅ ተሸክመው ከሩቅ አገር የሚመጡ ጠያቂዎችን እያየን ነው ያደግነው። ጌታችን በመጨረሻው ቀን የሚቆጥርልንን የምሕረት ሥራ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 ሲናገር፣ ስለ በሽተኛው በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ የገባው ቃል ይኸው ነው። የሚፈለግብን መፈወስ አይደለም፤ ያ የእርሱ ሥራ ነው። የሚፈለግብን መጠየቅ ነው። ጠያቂ ደግሞ ስሙ እንደሚያመለክተው ጥያቄ ይዞ የሚሄድ ሰው ነው። እንዴት አደርህ? ምን ትሻለህ? ምን ላምጣልህ? ይላል። ለታመመ ወዳጅ የሚላክ ደብዳቤም ከሁሉ አስቀድሞ ጠያቂ መሆን ይገባዋል ብዬ አስባለሁ። ብዙ ጊዜ ግን የምንጽፈው መልስ ነው።

ነገሩ ለጨዋታ የተነሣ አይደለም። ከመካከላችን አንድ ወንድማችን በጠና ታሞ ለሕክምና ወደ አዲስ አበባ ከሄደ ወራት አልፈዋል። ማን እንደ ሆነ ሁላችንም ስለምናውቅ ስሙን እዚህ ማስፈር አያስፈልግም። ከሸዋ ሮቢት አዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ወደ ደብረ ሲና ወጥቶ፣ በጣሊያን ዘመን የተፈለፈለውን የጣርማበር ዋሻ አልፎ፣ ደብረ ብርሃንን ተሻግሮ ነው የሚደረሰው። ሁላችንም ሄደን እንዳንጠይቀው ገንዘቡም ጊዜውም የለንም፤ ስለዚህ ደብዳቤ እንጻፍለት ተባለ፣ ወረቀትም ታደለ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ታስታውሳላችሁ። አብዛኛው ሰው ቀኑን ጻፈ፣ «ይድረስ ለውድ ወንድሜ» አለ፣ ከዚያ ወዲያ የብዕሩን ጫፍ ነክሶ ቀረ።

የለመድነው የደብዳቤ አጀማመር ለእንዲህ ያለው ቀን አልተሠራም። «ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ ከናፍቆትህ በስተቀር እጅግ በጣም ደህና ነኝ» ብለን ነው የምንጀምረው። ከአገር ርቆ ለሚማር፣ ለወታደር፣ ለሥራ ወደ መተሐራ ለወረደ ዘመድ የሚስማማ ጥሩ አጀማመር ነው። ከአልጋ መነሣት ላቃተው ሰው ግን ጤናውን ጠይቆ አፍታም ሳይቆዩ «እኔ እጅግ በጣም ደህና ነኝ» ማለት እጅ ያስራል።

ሌላው ምክንያት የአገራችን ጠባይ ይመስለኛል። እኛ የይፋት ቆላ ልጆች በሽታን የተዋወቅነው በወባ ነው። ያንዘፈዝፋል፣ ያተኩሳል፣ ያልባል፤ መድኃኒቱን በጊዜ ያገኘ ሰው ብዙ ሳይቆይ ተመልሶ ማሽላ ሊጠብቅ ማማው ላይ ይወጣል። (ወባም ቢሆን የሚናቅ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1958 በአገራችን በተነሣው ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ታሞ 150 ሺህ ያህሉ እንደ ሞተ ይገመታል።) «አይዞህ፣ ይለቅሃል» የምንለው ቃል መጥቶ ለሚሄድ በሽታ የሚሆን ቃል ነው። መጥቶ ለሚቀመጠው፣ ሐኪሙም ቀን ቆርጦ ለማይናገርለት በሽታ ግን ቃላችን ያልቃል።

ቃል ሲያልቅብን አንዳንዶቻችን ጭራሽ እንጠፋለን። ሌሎቻችን ደግሞ የመልአክ ሥዕል ያለበት «ፈጣሪ ይማርህ» የሚል መልእክት ከሌላ ሰው በስልክ የመጣልንን እንዳለ ወደ እርሱ እናሻግራለን። ክፉ ነው አልልም፤ ከመጥፋት ይሻላል። ዳሩ ግን አርባ ሰው አንድ ዓይነት ሥዕል ሲልክለት፣ ከአርባው መካከል ስለ እርሱ ቁጭ ብሎ ያሰበ አንድ ሰው መኖሩን በምን ያውቃል? በእጅ የተጻፈ ወረቀት ትራስ ሥር ይቀመጣል፤ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲል ይወጣል፣ እንደገና ይነበባል።

መጽሐፈ ኢዮብን ብዙ ጊዜ ሰምተነዋል። ሦስቱ የኢዮብ ወዳጆች፣ ኤልፋዝ፣ በልዳዶስና ሶፋር፣ ሁልጊዜ በነቀፋ ስለሚነሡ መጀመሪያ ያደረጉትን እንዘነጋለን። መከራውን ሰምተው ከየአገራቸው ተቀጣጥረው መጡ። ከሩቅ ሲያዩት መለየት እስኪያቅታቸው ድረስ ተጎሳቁሎ ባገኙት ጊዜ አለቀሱ፣ ልብሳቸውንም ቀደዱ፣ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ አብረውት መሬት ላይ ተቀመጡ። ከእኛ መካከል ሰባት ሰዓት እንኳ በዝምታ የሚቀመጥ ያለ አይመስለኝም። እስከዚያ ድረስ ጠያቂዎች ነበሩ። ኢዮብ አፉን ከፍቶ የተወለደበትን ቀን በረገመ ጊዜ ግን ደነገጡ፤ ደንግጠውም መልስ መስጠት ጀመሩ። ይህ የደረሰብህ በድለህ ነው አሉት። ልጆችህም የሞቱት ቢበድሉ ነው አሉት። ንስሐ ብትገባ ሁሉም ይመለስልሃል አሉት። ከተናገሩት አብዛኛው ለብቻው ሲነበብ የሚያስነቅፍ አይደለም፤ በዐውደ ምሕረት ላይ ብንሰማው «አሜን» እንላለን። ቁስሉን በገል ለሚፍቅ ሰው ሲነገር ግን ድንጋይ ሆነ። በመጨረሻም እግዚአብሔር የተቆጣው በሚያማርረው በኢዮብ ላይ ሳይሆን በእነርሱ ላይ ነው።

ደብዳቤ ዝም ብሎ አጠገብ መቀመጥ አይችልም፤ ባዶ ወረቀትም አይላክም። እነዚያን ሰባት ቀናት በጽሑፍ እንዴት ማድረግ ይቻላል? ለእኔ የታየኝ ማሳጠር ነው። ማርያምና ማርታ ወንድማቸው አልዓዛር በታመመ ጊዜ ወደ ጌታችን የላኩት መልእክት ከአንድ መስመር አይበልጥም። የሚወደው ሰው መታመሙን ከመንገር በቀር፣ ቶሎ ና እንኳ አላሉም። እኛ ግን አራት ገጽ እንጽፋለን፤ ሦስቱ ገጽ ስብከት ነው።

እንግዲህ ባይጻፍ የሚሻለውን አስቀድሜ ልናገር። የበሽታውን ምክንያት እኛ አንጻፍ። ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው ማን በድሎ እንደ ሆነ በጠየቁ ጊዜ፣ ጌታችን በሰውዬውም በወላጆቹም ላይ እንዳልፈረደ በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 እናነባለን። እርሱ ያልሰጠውን ፍርድ እኛ በፖስታ አሽገን መላክ አይገባንም። «ፈተና ነው» የሚለውም ቃል ታማሚው ራሱ ሲናገረው ትልቅ የእምነት ቃል ነው፤ ጤነኛ ሰው ከወንዝ ማዶ ሆኖ ሲናገረው ግን ሌላ ነገር ይሆናል።

ከዚህ የሚብሰው በራስ ሥልጣን ቃል መግባት ነው። «እምነት ካለህ ትድናለህ፤ ለፋሲካ አብረን እንዘምራለን» ብለን እንጽፋለን። ማን ፈቅዶልን? ቅዱስ ጳውሎስ ከአካሉ የተወሰደ ጨርቅ እንኳ በሽተኛ ይፈውስ የነበረ ሐዋርያ መሆኑን የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 19 ይመሰክራል። ይኸው ጳውሎስ ባልንጀራውን ጥሮፊሞስን በሚሊጢን ታሞ እንደ ተወው በሁለተኛው የጢሞቴዎስ መልእክት መጨረሻ ላይ ጽፏል። ለምን እንዳልተፈወሰ አላብራራም፤ የጥሮፊሞስ እምነት ጎድሎ ነው አላለም። ጳውሎስ ስለ ራሱ ሕመምም ሦስት ጊዜ ለምኖ ያገኘው መልስ የለመነው ነገር አልነበረም። ለወዳጃችን «እምነት ካለህ ትድናለህ» ብንለውና ሕመሙ ቢጸናበት፣ በሕመሙ ላይ የእምነት ማነስ ክስ ጨመርንበት ማለት ነው። ታዲያ ተስፋ አይጻፍ ማለቴ ነውን? አይደለም። እንድትድን እንመኛለን፣ እንለምናለን ብሎ መጻፍ አንድ ነገር ነው፤ ይሆናል ብሎ መፈረም ሌላ ነው።

ስለ ሕክምናም አንድ ቃል ልበል። ሰሜን ሸዋ የጠበል አገር ነው፤ ጻድቃኔ ማርያምን፣ ሸንኮራ ዮሐንስን የማያውቅ የለም። የታመመ ሰው ጠበል ሂድ ቢባል የአባቶቻችን ልማድ ነው። ነገር ግን «መድኃኒቱን ተወው» የሚል ቃል ከደብዳቤያችን አይውጣ። ፓትርያርክ የነበሩት ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ እ.ኤ.አ. በ2007 የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጠበሉንና መድኃኒቱን አብረው መውሰድ እንደሚገባቸው በግልጽ አስተምረዋል። ነቢዩ ኢሳይያስም ለንጉሥ ሕዝቅያስ የ15 ዓመት ዕድሜ እንደ ተጨመረለት ከነገረው በኋላ፣ በእባጩ ላይ የበለስ ልጥፍ እንዲደረግለት አዟል። ጳውሎስ ስለ ጢሞቴዎስ የሆድ ሕመም ምን እንደ መከረ ታውቃላችሁ። (ይህን ምክር ለሌላ ጉዳይ የሚያነሡ ወንድሞች እንደማይጠፉ አውቃለሁ።)

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። በአገራችን ሐኪም የደረሰበትን ነገር ብዙ ጊዜ ከታማሚው አስቀድሞ የሚሰማው ቤተሰብ ነው። ለታማሚው ሳይነገር የሚቀርበትም ጊዜ ብዙ ነው። በተለይ ካንሰር ከሆነ ስሙ እንኳ አይጠራም፤ «ያ ክፉ በሽታ» ይባላል። በአገሪቱ ለብዙ ዓመታት የጨረር ሕክምና ይሰጥ የነበረው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ስለ ነበር፣ ሰው «ጥቁር አንበሳ ተላከ» ሲባል ዘመድ ሁሉ ድምፁን ዝቅ ያደርግ ነበር። እንግዲህ እኛ ከእናቱ ወይም ከወንድሙ አፍ የሰማነውን፣ እርሱ ገና ያልሰማውን ነገር በደብዳቤ ብናመጣበትስ? ደብዳቤው ደግሞ በእርሱ እጅ ብቻ አይቆይም። ዓይኑ ሲደክም እኅቱ ጮክ ብላ ታነብለታለች፤ በሚቀጥለው አልጋ ያለው በሽተኛም ይሰማል።

ስለዚህ ወረቀት ከማንሣታችን በፊት ለሚያስታምመው ሰው ደውለን፣ ምን ያህል ያውቃል? ማለት ይገባናል። እርሱ ራሱ የበሽታውን ስም እየጠራ የሚናገር ከሆነ እኛም ስሙን ጠርተን እንጻፍ፤ ሁሉ ሲሸሸው እኛ ባለመሸሻችን ይጽናናል። ያላወቀ ከሆነ ግን የማሳወቁ ሥራ የእኛ አይደለም። «ምንም የለብህም፤ ቀላል ነው አሉ» ብሎ መዋሸትም የእኛ ሥራ አይደለም። በዚህ ነገር ከእኔ ጋር የማይስማሙ አሉ፤ ለማጽናናት የተነገረ ውሸት ውሸት አይባልም ይላሉ። እኔ ግን የታማሚ ጆሮ ከሁላችንም ጆሮ የነቃ ነው እላለሁ። አንድ ጊዜ ውሸት ካገኘብን በኋላ እውነተኛውን ቃላችንንም አያምነውም። ሁለቱንም ሳይነኩ መጻፍ ይቻላል፤ በሽታውን ትቶ ስለ ሰውዬው መጻፍ ነው። የመርዶም ነገር እንዲሁ ነው። እርሱ ከሄደ ወዲህ ከሰፈራችን ያረፈ ሰው ቢኖር በዚህ ደብዳቤ አይነሣ፤ መርዶ የራሱ ሥርዓትና የራሱ ሽማግሌዎች አሉት።

ለታመመ ሰው ደብዳቤ መላክ የቆየ ነገር ነው። ሕዝቅያስ መታመሙንና መዳኑን የሰማ የባቢሎን ንጉሥ ደብዳቤና እጅ መንሻ እንደ ላከለት በኢሳይያስ ምዕራፍ 39 ተጽፏል። በደስታ የተቀበላቸው ሕዝቅያስ ግምጃ ቤቱን ሁሉ ለመልእክተኞቹ አሳያቸው፤ የዚያ ነገር መጨረሻ ግን አላማረም። እኔ የምወደው ጳውሎስ ወደ ፊልጵስዩስ ሰዎች የላከውን ነው። ምዕራፍ 2ን እስከ መጨረሻው አንብቡት። ጳውሎስ ታስሮ ሳለ የፊልጵስዩስ ምእመናን የሚያስፈልገውን ይዞለት እንዲሄድ አፍሮዲጡ የሚባል ሰው ላኩ። ስንቅ አቀባይ ጠያቂ ነው ማለት ነው። ጠያቂው ራሱ በዚያው ታመመ፣ ለሞትም ደረሰ፤ ወሬውም አገሩ ገባ።

ጳውሎስ ስለዚህ ሰው ሲጽፍ ሕመሙን አላቃለለም፤ ከሞት አፋፍ ደርሶ እንደ ነበር ሳይሸሽግ ተናገረ። ከሕመሙ አስቀድሞ ግን ሰውዬውን ጠራው። ወንድም አለው፤ የሥራ ባልደረባ አለው፤ አብሮ የሚዋጋ ወታደር አለው፤ የምእመናኑ መልእክተኛ መሆኑንም አስታወሰ። አልጋ ላይ የወደቀ ሰው ስሙ ቀስ በቀስ ይጠፋበታል። በቤት «በሽተኛው»፣ በሆስፒታል ደግሞ በአልጋ ቁጥሩ ይጠራል። ጳውሎስ ስሙንና ማዕረጉን መለሰለት። እኛም ለወንድማችን ስንጽፍ፣ ለእኛ ማን እንደ ሆነ የሚናገር አንድ መስመር ይኑርበት። «ጥሩ ሰው ነህ» አይበቃም፤ ያ ለማንም ይባላል። በዚህ ቀን እንዲህ ያለ ነገር አድርገህልኝ ነበር የሚል ይሁን።

ከዚያው ምዕራፍ ሁልጊዜ የሚገርመኝ ሌላ ነገር አለ። አፍሮዲጡ ይጨነቅ የነበረው የአገሩ ሰዎች መታመሙን በመስማታቸው ነው። ታማሚ ሰው ለጤነኞቹ ያስባል! እኛ ግን ደብዳቤያችንን በልቅሶ እንሞላለን። «መታመምህን ከሰማሁ ጀምሮ እህል አይወርድልኝም፤ ሌሊቱን ሳለቅስ አድራለሁ» ስንለው ፍቅራችንን የገለጽንለት ይመስለናል። እርሱ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለት በሽታ ያስታምማል፤ የራሱንና የእኛን። ጳውሎስም ቢሆን ወዳጁን ቢያጣ ኖሮ ኀዘን ይደራረብበት እንደ ነበር አልደበቀም። በአንድ መስመር ተናገረና አለፈ። ያ ልክ ይበቃናል።

ከዘመናችንና ከአገራችን ደግሞ አንድ ሰው ልጥቀስ። የሸዋው ተወላጅ ሻምበል አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ፣ በ1964 ደግሞ ቶኪዮ ላይ ማራቶን ማሸነፉን ሕፃን እንኳ ያውቃል። በመጋቢት 1961 ዓ.ም. በደረሰበት የመኪና አደጋ ግን ሰውነቱ አልታዘዝ አለው፤ እጆቹ በኋላ ቢመለሱለትም ዳግመኛ በእግሩ አልሄደም። በእንግሊዝ አገር ስቶክ ማንዴቪል በሚባለው ሆስፒታል ስምንት ወር ያህል ታከመ። ንግሥት ኤልሳቤጥ ሄደው ጠየቁት፤ በዓይን አይተውት የማያውቁ ሰዎችም ከዓለም ዙሪያ የመልካም ምኞት ካርድ ላኩለት። በዚያ ሆስፒታል ሉድቪግ ጉትማን የሚባሉ ሐኪም እ.ኤ.አ. ከ1948 ጀምሮ ለአካል ጉዳተኞች የስፖርት ውድድር ያዘጋጁ ነበር። አበበም እ.ኤ.አ. በ1970 በዚያው ውድድር በተሽከርካሪ ወንበር ሆኖ በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ አረፈ።

ይህን ማንሣቴ «እንደ አበበ ቢቂላ በርታ» ብላችሁ እንድትጽፉ አይደለም፤ ታማሚን ከጀግና ጋር ማስተያየት ሌላ ሸክም መጫን ነው። እግሮቹ አልተመለሱለትም፤ ዕድሜውም አልረዘመም። እኔን የያዘኝ ሌላ ነገር ነው። በዙሪያው የነበሩት ሰዎች ያጣውን ብቻ አልቆጠሩለትም፤ እጁስ ምን ይችላል? ብለው ጠየቁ።

የእኛስ ወንድም ምን ይችላል? ከአልጋ ባይነሣም ዜማ እንደ እርሱ የሚያውቅ ከመካከላችን የለም። ለጥምቀት የምናጠናው መዝሙር ሦስተኛው ቤት ላይ ሁልጊዜ ይበጠስብናል። እንጠይቀው እንጂ! የምንጠይቀው ግን በአንድ ቃል የሚመለስ ይሁን፤ ረጅም መልስ የሚሻ ጥያቄ ዕዳ ይሆንበታል።

ስለ አገሩም እንንገረው። የሮቢ ወንዝ ሞልቷል ወይስ ጎድሏል? ማሽላው አሽቷል ወይ? ግሪሳ ወፍ ዘንድሮ መጣ ወይስ ማረን? ማሾ ስንት ገባ? የማን ላም ወለደች? እንዲህ ያለውን ወሬ ተራ ነው ብላችሁ አትናቁት፤ በሆስፒታል መስኮት የማይታየው ይህ ነው። በይፋት ሙቀት ላደገ ልጅ የአዲስ አበባ ብርድ ብቻውን ሕመም ነው። የሙስሊም ጎረቤቶቹም ሰላምታ አይቅር። «አላህ ያሽረው» እያሉ በየማለዳው እናቱን የሚጠይቁ አሉ፤ እርሱም ከልጆቻቸው ጋር አብሮ ያደገ ነውና ይህ ቃል ይድረሰው።

ተቀያይሞት የነበረ ሰው ካለ፣ እኔም ጥቂት እንዳሉ እሰማለሁ፣ አጋጣሚው ይህ ነው። ነገር ግን የጠቡን ታሪክ ከመጀመሪያው አንሥቶ እየዘረዘረ ይቅርታ የሚጠይቅ ደብዳቤ አንድም ራስን ማጽደቅ፣ አንድም ስንብት ይመስላል። «ስለዚያ ነገር ይቅር በለኝ፤ እኔ ረስቼዋለሁ» ይበቃል። ከዚያ ወደ ማሽላው መሄድ ነው።

ጸሎትን በተመለከተ፣ «እንጸልይልሃለን» የሚለው ቃል በሁሉም ደብዳቤ መጨረሻ ስለሚገኝ እንደ ማኅተም ሆኗል። ማኅተም ደግሞ ማንም አያነብም። ማን፣ በየትኛው ቀን፣ የት ሆኖ እንደሚጸልይለት እንጻፍለት። የሚጸለየው በክርስትና ስሙ ነውና፣ ስሙን ለካህኑ ሰጥተን በቅዳሴ ጊዜ እንዲታሰብ ካደረግን በኋላ እንዳደረግነው እንንገረው። ያላደረግነውን አንጻፍ። ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 5 ለታመመ ሰው ካህናት ተጠርተው ዘይት ቀብተው እንዲጸልዩለት አስተምሯል። ይህን ግን ከአልጋው አጠገብ ያለ ሰው ወይም የንስሐ አባቱ ቢያነሡለት ይሻላል። ከሩቅ በደብዳቤ ሲመጣበት ሞት የቀረበ ሊመስለው ይችላል።

ጽሑፍ ለሚከብዳቸው ይረዳ እንደሆነ አንድ ደብዳቤ ከዚህ በታች አስፍሬአለሁ። እንዳለ አትገልብጡት፤ አርባ ሰው አንድ ደብዳቤ ከላከለት ያ የስልኩ ሥዕል ተመልሶ መጣ ማለት ነው።

«ይድረስ ለወንድሜ፤

ሰላም ላንተ ይሁን። ዛሬ እንዴት አደርህ? ሌሊቱስ እንዴት ነው? ምግብ ይወርድልሃል ወይ?

ምን ብዬ እንደምጽፍልህ ቃል አጥቼ ሰነበትሁ። ዝም ከምል ቃል ማጣቴን ልጻፍልህ ብዬ ነው።

ማሽላው አሽቷል። ታናሽ ወንድምህ ማማው ላይ እየዋለ ወንጭፍ ይለማመዳል፤ እስካሁን የመታው የእኛን ቆርቆሮ ብቻ ነው። እናትህን ትናንት ጠይቄያቸው ነበር፤ ደህና ናቸው። ውኃውንም እንጨቱንም እኛ ተራ ገብተን እናመጣላቸዋለን፤ በዚህ በኩል እንዳታስብ።

ወንዙ ሞልቶ ትንሿ እኅቴን አዝለህ ያሻገርህልኝን ቀን እናቴ አሁንም ታነሣዋለች።

የጥምቀቱ መዝሙር ሦስተኛው ቤት ላይ እየተበጠሰብን ነው። ከፍ ብሎ ነው የሚገባው ወይስ ዝቅ ብሎ? «ከፍ» ወይም «ዝቅ» ብቻ ብለህ ላክብን። ከበሮውን ሌሎች እየተቀባበሉ ይመቱታል፤ ቦታህን ግን ማንም አልያዘውም።

ዓርብ ዓርብ ማታ አምስት ሆነን ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ በክርስትና ስምህ እንለምናለን። እግዚአብሔር እንዲያድንህ ነው የምንለምነው። ሌሊቱም እንዳይረዝምብህ።

መልስ መጻፍ የሚያደክምህ ከሆነ አትጻፍ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግሞ እጽፍልሃለሁ።

ወንድምህ»

ፊደሉን ተለቅ አድርጋችሁ ጻፉ፤ ተኝቶ ለሚያነብ ሰው ደቃቅ ጽሕፈት አይሆንም። ወረቀቱ ከአንድ ገጽ ባይበልጥ መልካም ነው። በደብዳቤው መጨረሻ ላይ «እጽፍልሃለሁ» ካላችሁ ግን ቀኑን ያዙ፤ ታማሚ ሰው ቀን ይቆጥራል።

የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ጠያቂ ሞልቶ ነበር። የሚፈራው አሁን ነው፤ በሽታው እንደ ቆየ፣ ወሬውም እንደ ተለመደ ሰው ወደየሥራው ይመለሳል። ሁላችንም በአንድ ቀን ጽፈን አርባ ደብዳቤ በአንድ ፌስታል ከምንልክለት፣ በየሳምንቱ ሁለት ሁለት ሰው እንዲጽፍ ተራ ብንይዝ የሚሻል መስሎኛል። ወደ አዲስ አበባ የሚመላለሱ ሹፌሮችም ለማድረስ ፈቃደኞች ናቸው። የተራው መዝገብ በጸሐፊዋ እኅታችን እጅ ይገኛል። እኔ የኅዳርን ሁለተኛ ሳምንት ይዣለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ያሉት ሳምንታት ገና ባዶ ናቸው።